ጓደኛዬን ከስሼ ከእድር ስለመታገዴ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.
ሲያትል

ለእድራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ለሊቀ መንበሩ ለክቡር አቶ ክፍሌ

ጉዳዩ፦ የተጣለብኝ እገዳ ከቅዳሜው ለቅሶ በፊት እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ሣህሊቱ ይርጉ የቡሪየን ነዋሪና የእድሩ አባል ስሆን፣ የምተዳደረው ኤርፖርት ውስጥ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር በመግፋት ነው። ይህን አስቀድሜ የጠቀስኩት ኮሚቴው ለሚስቀው ሳቅ እንዲዘጋጅ ነው።

1. በሰኔ 2003 ዓ.ም. የልብ ጓደኛዬ ወ/ሮ አፀደ፣ ልጇ ሃይስኩል በመጨረሷ ስካይዌይ በሚገኘው ቤቷ ድግስ ደግሳ ነበር። «ሣህሊ፣ በጓሮው ደረጃ አትውረጂ፣ እንጨቱ በስብሷል» ብላኛለች። እኔ ግን ባለ ረጅም ተረከዝ አዲስ ጫማዬን ጓሮ ለተቀመጠው እንግዳ ሁሉ ማሳየት ነበረብኝ። የሳምቡሳ ትሪ ተሸክሜ፣ «እኔን የሚጥል ደረጃ ገና አልተሠራም» እያልኩ ወረድኩ። ለካ ተሠርቶ ኖሯል። ዳሌዬ ተሰበረ።

2. ለወራት ገፊዋ ተገፊ ሆንኩ። የሥራ ባልደረባዬ ናፊሳ ስትገፋኝ «ኧረ ቀስ በይ!» እያልኩ ስጮህባት፣ መንገደኞች በእኔ የሚያማርሩት እውነታቸውን እንደነበር ገባኝ።

3. የጤና ኢንሹራንሴ፣ የወደቅሽው ሰው ግቢ ስለሆነ መጀመሪያ የቤቱ ኢንሹራንስ ይጠየቅ አለ። አፀደ ራሷ አልጋዬ ዳር ተቀምጣ፣ «ታዲያ ኢንሹራንስ የገባሁት ለምንድነው? ክሌም አድርጊ፣ ካሳ ጠይቂ እንጂ!» አለችኝ። የእሷ ኢንሹራንስ አሻፈረኝ ሲል ጠበቃዬ፣ በሕጉ መሠረት በስም የሚከሰሰው የቤቱ ባለቤት መሆኑን አስረዳኝ። ለአፀደ ደወልኩላት። «ሱ አድርጊኛ፣ ክሰሺኝ፣ ምን ችግር አለው!» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

4. ሳቃችን ያበቃው ክሱ የደረሳት ዕለት ነው። ወረቀቱን ያመጣው ሰውዬ በሯን ያንኳኳው የእድሩ ሴቶች ቤቷ ተሰብስበው ሳለ ነበር። ኮሚቴውም «የበላችበትን ቤት ከሰሰች» በማለት ከማናቸውም የእድሩ ስብሰባና ለቅሶ አገደኝ። አፀደ ልትከራከርልኝ ብትፈልግም፣ የኢንሹራንሷ ጠበቃ ከእኔ ጋር እንዳትነጋገርና ስለ ጉዳዩ ለማንም እንዳትተነፍስ አስጠንቅቋታል። የእኔውም ጠበቃ እኔን እንዲሁ።

አንድ ቀን ግሮሰሪ ውስጥ ተገጣጠምን። እሷ ወደ ሽንኩርቱ ዞራ፣ «ዳሌዋ ተሻላት ይሆን?» አለች። እኔም ድንቹን እያየሁ፣ «ደህና ናት፤ ዱላ ይዛለች፤ ሰው ናፍቋታል» አልኩት። ድንች ይመርጥ የነበረ አንድ ፈረንጅ ፌስታሉን ጥሎልን ሄደ።

5. ጉዳዩ ባለፈው ወር በስምምነት ተዘግቷል። ከጥፋቱ ሁለት እጁ የቤቱ፣ አንድ እጁ የእኔ ነው ተብሏል። ድርሻዬን አልቃወምም፤ ጫማውን ያዩ ሰዎች እንዲያውም አንሶብሻል ይላሉ። አፀደም እገዳው እንዲነሳልኝ ለኮሚቴው ብታመለክት፣ «በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል» ተብላለች።

6. ማክሰኞ የአፀደ እናት ማረፋቸው ከአገር ቤት ተሰማ። ያን ምሽት ደወለችልኝ፤ ትንፋሿን ብቻ ነው የሰማሁት። «መጣሁ» አልኳት። አብሬያት አነጋሁ። እድሩ ግን ለለቅሶ ቤቷ የሚቀመጠው ቅዳሜ ነው፤ የታገደ አባል ደግሞ እዚያ መገኘት አይችልም።

ስለዚህ የተከበረው ኮሚቴ ጉባኤውን ሳይጠብቅ እገዳውን እንዲያነሳልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ካልተነሳልኝም ቅዳሜ ከአፀደ ጎን እቀመጣለሁ። ኮሚቴው ሊያስወጣኝ ከወሰነ ሁለት ጠንካራ ሰዎች እንዲመድብ በአክብሮት አሳስባለሁ፤ ሐኪሞቹ ዳሌዬ ውስጥ ከከተቱብኝ ብረት ጋር በቀላሉ የምነሳ ሴት አይደለሁም።

ለኮሚቴው ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ሣህሊቱ ይርጉ
(ፊርማ)