የአባባ ጋቢ

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርጋ፤

የጌታ ሰላም እዚያው ጀርመን ያግኝህ። ቡታጅራ ዝናቡ በጊዜ ገብቷል፤ እኛም ደህና ነን።

ኬታሚን እንደ እማዬ ላለ አዛውንት ድባቴ ይረዳል ያልከኝን ይዤ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣ እንጠቀምበታለን፤ ለድባቴ የሚሰጥ ስፔሻሊስት ግን እዚህ የለም» አለኝ። የመድኃኒት ስም ከሩቅ መላክ ቀላል ነው። የጸሎት እህቶችም «እምነቷ ሳስቶ ነው» ብለው ሄዱ።

እማዬ ሰሞኑን ረጋ ብላለች። ቀሚሶቿን ለጎረቤት አደለች፤ ለበዓል ብቻ የምታወጣውን የክትፎ ጣባ ለልጄ ሰጠች። ሰው ደግነቷን ያወራል። እኔ ግን ስንብት መስሎኝ ስለፈራሁ ሱቁን ዘግቼ አጠገቧ እውላለሁ።

የአባባን ጋቢ አጥባ ላንተ አስቀምጣለች። «በሰው እንላክለት» ስትለኝ እምቢ አልኳት። ራሱ መጥቶ ከእጅሽ ይቀበላል ብያታለሁ፤ እንዳታስዋሸኝ።

ጌታ መንገድህን ያቅና።

እህትህ የሺ