«ይማርህ» በበርበሬ በረንዳ

ውድ ወንድሜ ምንይሉ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሰላሙ አይለይህ። እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ግን ካልሲዎችህን እንዳላደርግ ከልክላኛለች።

ከቀበርንህ ወዲህ በርበሬ ገበያው፣ በርበሬ በረንዳ፣ ኩሊዎቹን የሚያገለግል ጠፍቷል። የወንጌል አስተማሪያችሁ እትዬ ሐመልማል ከአንተ ጋር ያሠለጠኗቸው ጓደኞችህ ለወንጌል ወደ ጋምቤላ ተልከዋል። «ከመስበካችሁ በፊት የኩሊዎችን እግር እጠቡ» ያሏችሁን የሚቀጥል ካልተገኘ አገልግሎቱ ይዘጋል። «እኔ ልሂድ?» ስላት እማዬ «አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ይበቃኛል» አለችኝ። ኋላ ግን ባልዲህን አጥባ በሩ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። እባክህ ጸልይላት።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ኩሊዎቹ ሲያዩኝ ሸክማቸውን አወረዱ። አንተ በበርበሬው ብናኝ ስታስነጥስ «ሰባኪያችን ስብከቱን ጀመረ፣ ይማርህ!» እያሉ ይስቁብህ የነበሩት ኩሊው ጋሽ ይገረም፣ በቀብርህ ዕለት «ነፍስ ይማር» ማለት እንኳ አቅቷቸው ነበር። ጎንበስ ብዬ የእሳቸውን እግር ውኃው ውስጥ ሳስገባ አስነጠሰኝ።

«ይኸው፣ ወንድሙም ጀመረ!» አሉ፤ እጃቸውንም ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ይማርህ፣ ልጄ።»

«ያኑርዎት» ብዬ የቆሰለ ተረከዛቸውን ማጠብ ጀመርኩ።