በበር በኩል ያለው ዲስክ

ጥር 5፣ ሰኞ

የሽማግሌው ሪፖርት ጠዋት ስልኬ ላይ ገባ። «ሁለቱም ዲስኮች ጤነኛ ናቸው።» ተመስገን። ይህን የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን ሽማግሌው ያለው ባሌ ነው... ሲያጉረመርም ስለሚውል። እሱ ከሞተ ወዲህ ጤናውን የምከታተለው እኔ ነኝ።

በሽታው ሲጠናበት ለልጃችን የቀዳው ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። «ስታገባ ስጫት» ብሎኛል። እኔም አልሰማሁትም። አቅሙ የለኝም። ሌላ ቦታም እናስቀምጠው ስለው፣ «ሁለቱም ዲስክ ላይ አለ፤ አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል» ይለኝ ነበር።

ጥር 12፣ ሰኞ

«ሁለተኛው ዲስክ ሊበላሽ ነው። በአስቸኳይ ይቀየር።»

ልጄ ደወለች። «እማ፣ ባለሙያ ጥሪ እንጂ!»

«አባትሽ አስተምሮኛል» አልኳት። ኮራ ብዬ።

ጥር 14

አዲስ ዲስክ ገዛሁ። ትምህርቱን አልረሳሁም፦ «አንደኛው በመስኮት በኩል፣ ሁለተኛው በበር በኩል። እንዳትሳሳቺ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ሳጥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። መብራቱ እንቅልፍ ነሳኝ ብዬ ስነጫነጭ ያዞረው እሱ ነው። ለሥራ እንዲመቸኝ ወደ እኔ መለስኩት። በበር በኩል ያለውን መዘዝኩ፣ አዲሱን ተካሁ። «በመቅዳት ላይ» አለ። እሰይ!

የወጣውን ግቢ ወስጄ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። እሱም የተበላሸ ዲስክ ሳይቀጠቅጥ አይጥልም ነበር። «የቤት ገመና ሜዳ ላይ አይጣልም» እያለ። ሳቄ መጣ... አጠገቤ የቆመ መሰለኝ።

ጥር 15

ሳጥኑ ይጮኻል። መቅዳቱ ቆሟል። ምን አጠፋሁ?

ጥር 16

የጠራሁት የኮምፒውተር ጠጋኝ መጣ። አየ፣ ደግሞ አየ።

«እትዬ፣ እዚህ የቀረው የታመመው ነው። መቅዳቱ ከብዶት ሞተ። ጤነኛው የት አለ?»

ሳጥኑን ሳዞረው በበር በኩል የነበረው ወደ መስኮት ሄዷል... ይህን እንዴት አላሰብኩም?

ስብርባሪውን በፌስታል አመጣሁለት። ከፍቶ አየው። መልሶ ቀስ አድርጎ አሰረው።

«የታመመውስ?» አልኩት።

«ሞከርኩት። አይነሳም፣ እትዬ።»

ጥር 17

በገዛ እጄ። ሁለቴ ቀበርኩት።

ጥር 21

ለልጄ ነገርኳት። እንድትቆጣኝ ነበር የፈለግኩት፤ ቢቀለኝ ብዬ። አልተቆጣችም። «ምን ይል ነበር፣ እማ?» አለችኝ።

አላውቅም። አልሰማሁትማ...

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጠጋኙ የሞተውንም ቀይሮልኝ ነበር። ዛሬ ሪፖርቱ ገባ። «ሁለቱም ዲስኮች ጤነኛ ናቸው። የተያዘ ቦታ፦ ዜሮ።»

ሳጥኑን ወደ ግድግዳ አልመለስኩትም። ፊቱ ወደ አልጋዬ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

እንቅልፍ ይንሳኝ።