«አልተቀመጠም» የምትለው መልእክት እንድትታይ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የኮድ ግምገማ ኃላፊያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎ እንኳ ብርቱ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ከሦስት መስመር ኮድ ውስጥ አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ ለቅሞ የሚያወጣ ዓይን ምን ይወጣለታል። እኔ፣ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል የምሠራው ፕሮግራመር፣ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሌሎችም ስለሚያነቡት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምንሠራው የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ጽሑፉን ማስቀመጥ ሲያቅተው ከታች «አልተቀመጠም» ይላል፤ ፊደሉን አጉልቶ ለሚጽፍ ሰው ግን መልእክቱ ከስክሪኑ ጠርዝ በታች ወርዶ ይቀራል። በትርጉም ሥራ የምትተዳደረው ታላቅ እህቴ ዓይኗ ደክሞ ፊደሉን አጉልታ ስትጽፍ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ድምፁን አጥፍቶ ጠፋባት። ዳግመኛ ከጠፋባት የምትተረጉመውን መጽሐፍ ለአሳታሚው እንደምትመልስ በእናታችን ምላ ነገረችኝ። እኔም መልእክቱን በፊደሉ ልክ ከፍ የምታደርግ ትንሽ ማስተካከያ ጽፌ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ሥራ ላይ ስለማትውል አቀረብኩልዎ።

አንደኛ፣ ትርፏን ክፍት ቦታ ስላገኙልኝ አመሰግናለሁ። አነሳኋት። በማግስቱ ያለ እርሷ መስመሩ እንደተጨናነቀ ስለጻፉልኝ መለስኳት። አሁን ትኑር አትኑር እኔም አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ማንም ያልነካውን የመልእክቱን ቀለም በተመለከተ ስብሰባ ስለጠሩ አመሰግናለሁ። በቀለም ጉዳይ ሐሳብ የሚያጣ ሰው ስለሌለ ጠዋቱ በሞቀ ጨዋታ አለፈ፤ ለማይታየው መልእክትም ቢጫ ተመረጠለት።

ሦስተኛ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። እህቴ ሳትቸኩል ነው የፈሰሰባት፤ የምትለቅመውም አላገኘች።

አራተኛ፣ ችግሩ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለማይታይ፣ የደረሰበት ሰው በራሱ ቃል ማስረጃ ይጻፍ ብለው አዘዋል፤ ያውም የራሳችንን ምርት ማክበር አለብን በሚለው መርህዎ መሠረት፣ በራሳችን ፕሮግራም ካልተጻፈ እንደማይቀበሉ አስጠንቅቀዋል። ትእዛዝዎ ተፈጽሟል፤ እህቴ ሥራዋን አቁማ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ስትጽፍልዎ ውላ ፋይሉን ልካለች።

ትዕግሥትዎን ለእኔም ያካፍሉኝ እያልኩ፣ ማስተካከያዬ ጡረታ ከመውጣትዎ በፊት ትጸድቅ ዘንድ እጅ እነሣለሁ።

የግምገማዎ ቋሚ ተሰላፊ፣
ከፊት ለፊት ክፍል

ማስታወሻ፦ የእህቴን ፋይል ሲከፍቱ ባዶ ቢሆንብዎት አይቀየሟት፤ ፊደሉን አጉልታ ነው የጻፈችው። መጽሐፉን ዛሬ ለአሳታሚው መልሳለች። ፋይሉን ግን እንደ ልማድዎ በጥንቃቄ ይገምግሙት፤ ትርፍ ክፍት ቦታ አያጡበትም።