ከባዶ ዕቃ የተቆረጡ ኮከቦች

ኅዳር 21
ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እማዬ ዛሬም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። አባዬን ከቀበርን ወዲህ እንዲሁ ናት... ከሥራ ስገባ ባዶ የወተትና የበረኪና ፕላስቲኮች ሰብስቤ ኮከብ መቁረጥ ጀመርኩ። መስኮቷ ላይ ልሰቅልላት። ሰው ሁሉ ለገና ቤቱን ሲያስጌጥ የእኛ ብቻ ለምን ይጨልማል?
"ደግሞ ቆሻሻ ልታንጠለጥይብኝ?" አለች። ተናገረች እኮ!

ኅዳር 24
ለካ ሙያ ይጠይቃል። በፈላ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ መቁረጥ፣ ከዚያ ጫፉን ለሻማ ጠጋ ማድረግ። በልኩ ከሆነ ጥቅልል ይላል፤ ትንሽ ካለፈ ይጠቁራል። ጣቴን ለበለበኝ። እማዬ ከትራሷ ቀና ብላ ታየኛለች።
"መቀስሽ ደንዟል። የእኔን ውሰጂ።"
እንባዬ መጣ።

ኅዳር 26
ነጭ ፕላስቲክ አነሰኝ። ቤቱን ሳስስ አልጋዋ ሥር ወረቀቱ የተላጠ አንድ ባዶ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘሁ። እሷ ተኝታለች። ካለው ጋር ቀላቅዬ አጠብኩት፣ ቆራረጥኩት። ሁሉንም ሰቀልኩ። ያምራሉ።

ኅዳር 27
ምን አደረግኩ?
ጠዋት ተንበርክካ አልጋው ሥር ስትዳብስ ደረስኩ።
"ዕቃዬስ?"
"የምን ዕቃ?"
"የአባትሽ የፀጉር ቅባት..."
ራሰ በራ ነበር እኮ! ለቀሩት ሦስት ፀጉሮች ጠዋት ጠዋት ሲቀባ እንስቅበት ነበር። እሷ ግን ባዶውን ደብቃ፣ ክዳኑን ከፈት እያደረገች ስታሸተው ኖራለች። ሽታው እንዳያልቅባት እየቆጠበች... እኔ ደግሞ በፈላ ውኃ! ምነው እጄን በቆረጠው።
አልጮኸችብኝም። ምናለ ብትጮህ። ተመልሳ ተኛች።

ታኅሣሥ 1
ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች። ውኃ ብቻ። እሷንም ልቀብር ነው?

ታኅሣሥ 2
"የትኛው ነው?" አለችኝ መስኮቱን እያየች።
እኔ ምን አውቄ? ሁሉም ነጭ። ግን አላውቅም ብላት... አንዱን አወረድኩላት። "ይሄ ነው።"
ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ማታ ሾርባ ጠየቀች።

ታኅሣሥ 5
ተነስታ ፀጉሯን አበጠረች። ሳህኑን ባዶ አደረገችው። ኮከቡ ከእጇ አይለይም።
"ነይ እስቲ አሽቺው" አለችኝ አሁን። "እሱን እሱን አይሸትም?"
አፍንጫዬን አስጠጋሁ። በረኪና።
"ይሸታል እማዬ" አልኳት።