አንድ ሊትር እየጨመሩ፦ የአሰልጣኝ ፅጌረዳ ዶላሞ የሕይወት ታሪክ

አሰልጣኝ ፅጌረዳ ዶላሞ ከአባታቸው ከአቶ ዶላሞ ቦሼ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተናኜ ንጉሤ ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ ተወለዱ። መንግሥት የተለወጠበት ክረምት ነበር። የተወለዱት በሰባት ወራቸው ሲሆን ክብደታቸው አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ነበር። አዋላጇ ነርስ ሕፃኗን ከሚዛኑ አንስተው ለእናታቸው ሲሰጡ ብዙ ተስፋ እንዳታደርግ መከሩ። እናታቸው ምክሩን ሰማች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ አራት ዓመት ክፉውን ስትጠብቅ ኖረች። ፅጌረዳ ግን ምክሩን አልሰሙም።

እናት ልጇን አንቱ አትልም። ይህ ጽሑፍ በአንቱታ የተጻፈው በሕይወት ሳሉ በመንገድ ላይ «አንቺ ወንዳወንድ» ሲባሉ ለኖሩት ልጇ የሚገባቸውን ክብር ቢያንስ ዛሬ በሁላችሁ ፊት ለመስጠት ነው።

አባታቸው አቶ ዶላሞ በጂንካ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ። መቶ ኪሎ በቆሎ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና ሲያመላልሱ ኖረው በ1990 ዓ.ም. ወገባቸው ከዳቸው። ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ ቆይተው በ1998 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄዱ። እናታቸው ከዚህ የተማረችው ጭነት ሰው እንደሚሰብር ነው። በቤቱ ውስጥ ልጅ ሙሉ ጀሪካን እንዳያነሳ ተከለከለ።

አሰልጣኝ ፅጌረዳ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጂንካ ተከታትለዋል። አባታቸው ባረፉበት ዓመት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ለእናታቸው ሳይነግሩ ለአሎሎ ውርወራ ተመዘገቡ። እናታቸው ወሬውን ሰምታ ሜዳው ዳር ስትደርስ አሎሎው ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ትከሻቸው ይወልቃል ብላ ዓይኗን ስለጨፈነች አንደኛ ሲወጡ አላየችም።

በ2004 ዓ.ም. በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ሲመለሱ እናታቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሏት፤ «እማ፣ አባዬን የሰበረው ክብደቱ አይደለም። ጎብጦ ማንሳቱና አንድም ቀን አለማረፉ ነው።» እናታቸው ግን በማግስቱም ጀሪካኑን ግማሽ ብቻ ሞላች።

ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. በኦሞራቴ የስፖርት መምህር ሆነው አገልግለዋል። በትምህርት ቤቱ ኳስ እንኳ ስላልነበረ በየቤቱ ያለውን ቢጫ ጀሪካን አነሱ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። የጀሪካኑን ጎን በሚስማር ጭረው በየሊትሩ ቀይ ቀለም ቀቡበት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሚዛን አላስፈለጋቸውም። ሕጋቸውም ቀላል ነበር። አንዲት ሴት የምታነሳውን ስምንት ጊዜ፣ በሦስት ዙር ታነሳለች። ስምንቱ ቀሏት አሥራ ሁለት ማድረስ ስትችል አንድ ሊትር ይጨመርላታል፤ ሁለት ግን አይጨመርም። «ሰውነት በጥቂቱ ሲጠየቅ ይሰጣል፣ በአንዴ ብዙ ሲጠየቅ ይሰበራል፣ ምንም ካልተጠየቀ ያለውንም ይረሳል» ይሉ ነበር። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ውኃው ስለሚናጥ ከሙሉው ይልቅ እንደሚያስቸግርም ያወቁት እዚያው ነው፤ ስለዚህ ጀማሪን ከማስቸኮል በፊት ቀጥ ብሎ መቆም ያስተምሯት ነበር።

በኦሞራቴ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ የነበሩትን አቶ አቤኔዘርን ተዋውቀው በ2008 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ2011 ዓ.ም. ልጃቸውን ናርዶስን ወለዱ። ከወሊድ በኋላ ሐኪም እስኪፈቅድላቸው አርፈው፣ እንደ ማንኛዋም ጀማሪ ከባዶ ጀሪካን እንደገና ጀመሩ።

በ2009 ዓ.ም. ወደ ጂንካ ተመልሰው በእናታቸው ግቢ፣ በማንጎው ዛፍ ሥር፣ ሴቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። አሥራ አንድ ሴቶች ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ የገበያ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንዳቸውም አንድ ሊትር አልጨመሩም። እንዲያውም ሁለቱ ቀነሱ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ሰነፎች ናችሁ ብሎ ይበትናቸው ነበር። እሳቸው ግን ልባሽ ጨርቅ የምትሸጠውን አሚራን አንድ ሰኞ ከልምምድ በኋላ ተከተሏት። አሚራ ከማንጎው ሥር በቀጥታ ወደ ቦኖው ሄደች። ሦስት ጀሪካን በሦስት ምልልስ በጀርባዋ ወሰደች፣ ልብስ አጠበች፣ በማግስቱም ያንኑ ደገመች። ሁሉም እንዲሁ ነበሩ።

አሰልጣኝ ፅጌረዳ ያን ዕለት ለእናታቸው ያስረዱት ይህን ነው። ጡንቻ በማንሳቱ ሰዓት አይጠነክርም፤ በማንሳቱ ሰዓት ይደክማል፣ በጥቂቱም ይጎዳል። የሚጠነክረው በማግስቱ፣ በልቶና ተኝቶ ሲጠገን ነው። እነዚህ ሴቶች ግን ማግስት አልነበራቸውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አዘዙ። ልምምድ ሰኞና ሐሙስ ይሁን፤ ማክሰኞና ዓርብ ውኃ ባል ይቅዳ። ሁለተኛው፣ ከሚሸጠው እንቁላል ሁለቱ ለሴቲቱ ለራሷ ይቅር፤ እንቁላል ከሌለ ባቄላና ሽምብራ አይጓደል።

ሴት ጀሪካን ስታነሳ ማንም ምንም አላለም ነበር። ስታስቀምጥ ሰፈሩ ተነሳ። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ሀብተ ማርያም፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ እናታቸው ቤት መጥተው «ተናኜ፣ ልጅሽ ሚስቶቻችንን መተኛት እያስተማረች ነው፤ ነገ ደግሞ ማን ይጋግር ልትል ነው» አሉ። እናታቸው ፈርታ ልጇን እንዲተዉት ለመነቻቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እማ፣ ማክሰኞ ይለፍና እናያለን።»

ማክሰኞ ሲሆን አቶ አቤኔዘር ጀሪካኑን በትከሻቸው አድርገው በባጃጅ ተራው መሃል አለፉ።

«አቤኔ፣ ሚስትህ ታመመች እንዴ?» አሉ ሹፌሮቹ።

«አልታመመችም። ጡንቻዋ እየተሠራ ነው።»

«እንግዲያ ስታበቃ ለኛም ትሥራልን።»

ሳቁ ለሦስት ሳምንት አላባራም። በሦስተኛው ወር ግን ከሳቁት አንዱ ማክሰኞ ጠዋት አራት ጀሪካን በባጃጁ ጭኖ፣ ማንንም ሳያይ፣ ከቦኖው ሲመለስ ታየ። ሚስቱ ከአሥራ አንዱ አንዷ ነበረች። አሚራ በስምንት ሊትር ጀምራ ዓመት ሳይሞላት ሃያውን ሞላች። ለዓመታት ይዟት የኖረው የወገብ ሕመምም ቀነሰላት።

በ2012 ዓ.ም. እናታቸው በጭቃ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰነጠቀ፤ አጥንቷ እየሳሳ መሆኑም ተነገራት። እሷ አልጋዋን አዘጋጀች። ልጇ ግን እጇ እስኪድን ጠብቀው፣ አጥንትም እንደ ጡንቻ ሸክም ሲሰማው እንደሚጸና ነግረው፣ ባዶ ጀሪካን አስያዟት። መጀመሪያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነበር። ስትነሳ ትንፋሽ ማውጣት፣ ጀርባ ማቅናት፣ በጉልበት መነሳት፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት ማስጠጋት። በየሊትሩ «አሁንስ እሰበራለሁ» አለች። አልተሰበረችም። ዛሬ በሃምሳ አምስት ዓመቷ በሁለት እጇ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ይዛ ከቦኖው ቤቷ ትደርሳለች።

አሰልጣኝ ፅጌረዳ በ2016 ዓ.ም. የማሕፀን በር ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ያኔ በየደጁ የተባለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ክብደት ማንሳት ማሕፀን ያወርዳል ብለን ነበር፤ ይኸው ጭነት ገደላት» ተባለ። ይህ ሐሰት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ሐኪሞቹ ለእናታቸው በወረቀት ሥለው አሳይተዋታል። ጭነት አልገደላቸውም። እንዲያውም አዲስ አበባ ተመላልሰው ያን ሁሉ የጨረር ሕክምና በእግራቸው ቆመው የጨረሱት የሠሩት ጉልበት ስለነበራቸው መሆኑን ያከሟቸው ሐኪም ተናግረዋል። ሠላሳ ዓመት የሞላችሁ ሴቶች፣ ሳያማችሁ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ክትባቱ በትምህርት ቤት ሲመጣ ሴት ልጆቻችሁን አታስቀሩ። የሳቸውን ስም ማንሳት የፈለገ ይህን ይንገር።

ሕመሙ ሲበረታ ጉልበታቸው ለምን እንደሚቀንስ ራሳቸው ያብራሩ ነበር። «የማልጠቀምበትን ሰውነቴ መልሶ ይወስደዋል፤ ሳይንሱ ይኸው ነው» እያሉ ከሃያ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አምስት ወረዱ። እስከ ዘንድሮ መስከረም ድረስ ግን በአልጋቸው ላይ ተቀምጠው አንድ ሊትር ያነሱ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ነገር ጠየቁ። «ሬሳዬን ሴቶቼ ይሸከሙ» አሉ። እናታቸው ስለ ፈውስ እየጸለየች ይህን መስማት አልፈለገችም፤ ከክፍሉም ወጣች። እሳቸው ግን አቶ አቤኔዘርን ቃሬዛ አሠሯቸው። ሰውነት የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ጀሪካን በእጅ የለመደ ትከሻ ሣጥን አልለመደም ብለው ከስድስቱ ተሸካሚዎች አምስቱን መረጡ። በቃሬዛው ላይ መጀመሪያ ሁለት ጀሪካን፣ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ፣ በመስከረም መጨረሻ ስድስት ሙሉ ጀሪካን አስጫኑ። መቶ ሃያ ኪሎ ለስድስት ሲካፈል ለአንዷ አንድ ጀሪካን ነው። እሳቸው በማንጎው ሥር ፍራሽ ላይ ተጋድመው፣ በቀጭን ድምፃቸው፣ «አሚራ፣ ጀርባሽ። አብነት፣ አትሩጪ፣ ከኋላሽ ሰው አለ» እያሉ የገዛ ቀብራቸውን አሠለጠኑ። ስድስተኛዋ ሴት ማን እንደምትሆን ሳይናገሩ ቦታውን ለሁለት ሳምንት ክፍት አስቀመጡት፤ ጎረቤቶች በየተራ ይይዙት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እናታቸው ራሷ መጥታ በግራ በኩል፣ መካከል ላይ፣ ገባች። እሳቸውም «ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ፣ እማ» አሏት።

አቶ ሀብተ ማርያም ሴት ሬሳ ተሸክማ እንደማታውቅ፣ በመንገድ ላይ ብትጥለው የእድሩ ውርደት እንደሚሆን ተናገሩ። እናታቸውም እሷ ራሷ ያንኑ እንደምትፈራ፣ ነገር ግን ጋሽ ሀብተ ማርያም መጥተው በዓይናቸው እንዲያዩ መለሰችላቸው። መጡ። ግቢውን አራት ጊዜ ስንዞር ቆመው አዩ። አራት ጎልማሶች ለክፉም ለደግም ከጎን ይሂዱ ብለው ተስማሙ።

አሰልጣኝ ፅጌረዳ ዶላሞ በተወለዱ በሠላሳ አራት ዓመታቸው፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በቤታቸው ዐረፉ። ማክሰኞ በመሆኑ ሴቶቹ ሁሉ ቤታቸው ነበሩ፤ አንዳቸውም ሳይቀሩ ደረሱላቸው።

ባለቤታቸውን አቶ አቤኔዘርን፣ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ናርዶስን፣ ወንድማቸውን ልዑል ዶላሞን፣ እናታቸውን፣ እንዲሁም ከማንጎው ሥር ያለፉ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሴቶችን ትተው ሄደዋል። ልምምዱ ከቀብሩ በኋላ ባለው ሰኞ ይቀጥላል። ይዘጋል ብላችሁ የጠበቃችሁ አትጠብቁ።

በአንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም የሰጠን፣ ከዚያም በላይ ዕድሜ የጨመረላቸው ጌታ፣ ነፍሳቸውን ሸክም በሌለበት በእቅፉ ያኑርልን። ለናርዶስም ማግስቷን ይባርክላት።

ይህን የጻፍኩት እኔ እናታቸው ተናኜ ነኝ። ንባቡ ሲያበቃ እንነሳለን። እፈራለሁ፤ ከፊት የምትሸከመው አብነትም ታለቅሳለች። ቢሆንም ሣጥኑ ከነሳቸው ከመቶ ሃያ ኪሎ በታች ነው፤ ትናንትም ማክሰኞ ነበር፣ አንዳችንም ጀሪካን አላነሳንም። ከጎን የምትሄዱ ወንድሞቻችን እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ውኃውን ቀድታችሁልናል፤ ይህን ለኛ ተዉልን።