የአባባ ሰዓት እና የሳተላይቱ ሰዓት

ጥር 4
ደህና ቀን። ሁለት የስልክ ቻርጀር መሰኪያ ቀየርኩ፣ አንድ ሬዲዮ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ታይዋን ገበያ እንደ ልማዱ ጭር አለ፤ ሁሉም ጫት ላይ ነው።

ወንድሜ ሂሻም መዶሻ ይዞ መጣ። ሳይጠይቀኝ የአባባ ሱቅ ግድግዳ ላይ ምስማር መታ። የልብስ መስቀያ ነው አለ። "ጥገና ሞቷል ፊርዶስ። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ልብስ እናስገባለን፣ አንቺ ትሸጫለሽ።" እኔ? ልብስ? አባባ ከሞተ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እጄን ይዞ ብየዳ ያስተማረው እኔን ነው እንጂ እሱን አይደለም። መበየጃዬን አነሳሁ።

ጥር 6
ዐብዲናሲር መጣ፣ የአባባ የድሮ ደንበኛ። ጅቡቲ ጀልባ አለው፤ ወደቡ አካባቢ የባሕሩን ጥልቀት ይለካል። ሁለት ዕቃ በካርቶን ይዟል። አንዱ አሮጌ ጥልቀት መለኪያ፣ አንዱ አዲስ የጂፒኤስ መቀበያ። "አይነጋገሩም፣ ዋላሎ እህቴ። አንዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ያውቃል፣ አንዱ የት እንደሆነ ያውቃል። ለየብቻ ምን ያደርጉልኛል? ይሄ ከሠራልኝ የጓደኞቼንም ጀልባ ዕቃ አመጣልሻለሁ።"

ሂሻም ቆሞ ይሰማል።
"ይሄ ከሠራ ሱቁ እንዳለ ይቆያል" አልኩት።
"ካልሠራስ?"
"ልብስህን እሸጣለሁ።"
እሺ አለ። ምን አስለፈለፈኝ?

ጥር 9
ትላንት የአንዱን መናገሪያ ሽቦ ከሌላው መናገሪያ ጋር አገናኝቼ ኖሯል። ሁለቱም ያወራሉ፣ የሚሰማ የለም። ልክ እንደ እኔና ሂሻም። ዛሬ አንዱን መናገሪያ ከሌላው መስሚያ ጋር በየድኩት። የሚነጋገሩበትን ፍጥነትም አስተካከልኩ። የጂፒኤሱን አንቴና ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ሰቀልኩት... ድሬዳዋ መሆናችንን አወቀ። ደስ አለኝ።

የመለኪያው የሰዓት ባትሪ ሞቶ ነበር፣ ቀየርኩት። ሰዓቱን ከአባባ የግድግዳ ሰዓት እያየሁ ሞላሁ። ሰዓቱ ዋና ነገር ነው፤ ጥልቀቱም ቦታውም ከነሰዓታቸው ይመዘገባሉ፣ የዐብዲናሲር ላፕቶፕ በዚያ ነው የሚያጋባቸው።

ጥር 10
ባሕር ከየት ይምጣ? መለኪያውን ሳቢያን ሰፈር እቤት ወስጄ የውሃ ሮቶ ውስጥ ነከርኩት። እማማ፣ "የምጠጣው ውሃ ውስጥ ምንድነው የከተትሽው?" አለች። ለባሕር የተሠራ ለሮቶ አይሆንም፣ ቁጥር አልሰጠም። ግን ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይሠራል ማለት ነው። ለዐብዲናሲር ላኩት።

ጥር 14
ዐብዲናሲር ከጅቡቲ ደወለ። ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ዋለ። ጥልቀቱ ተመዝግቧል፣ ቦታውም ተመዝግቧል። ካርታው ግን ባዶ።

ሽቦው? ፍጥነቱ? ሁሉም ልክ ነው... ምንድነው ታዲያ?

ሂሻም ሰማ።  አንድ ቦንዳ ልብስ አስመጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጠ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ከዐብዲናሲር መልእክት ገባ። "ነገ 9:00 እደውላለሁ።"

ጥር 15
ከሰዓት ነው የሚደውለው ብዬ ስልኬን ሱቅ ትቼ ቁርስ ልበላ ወጣሁ። ስመለስ ሦስት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ደወልኩ።
"ዘጠኝ ብዬሽ አልነበር?"
"ገና ሦስት ሰዓት ነው እኮ።"
"በእኛ ዘጠኝ ነው፣ ዋላሎ።"

ዞር ብዬ የአባባን ሰዓት አየሁ። ሦስት ይላል... አፈርኩ። መለኪያውን በዚያ ነው የሞላሁት። ሳተላይት የሐበሻ ሰዓት ከየት ያውቃል?

"ላፕቶፑ ላይ በመለኪያው ሰዓት ሁሉ ስድስት ሰዓት ጨምር" አልኩት። ጨመረ። አሁንም ባዶ። ሂሻም በሩ ላይ ቆሟል።  ቆይ... ሳተላይቱ የጅቡቲንም ሰዓት አያውቅም። በለንደን ነው የሚሄደው። ለንደን ከጅቡቲ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ከእኛ ግድግዳ ደግሞ በሦስት ወደ ፊት።
"ሦስት ብቻ አድርገው።"
ቁልፍ ሲጫን ይሰማኛል። 
"ወላሂ፣ ፊርዶስ... ካርታው መጣ።"

አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ሂሻም ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። "ባሕሩን በሐበሻ ሰዓት ለካሽው?" ብሎ ሳቀ። ሳቅኩ እኔም። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን።

ጥር 21
ዐብዲናሲር ሌላ ሁለት ካርቶን አወረደ። ካርታውንም አትሞ አመጣልኝ። ጥልቅ የሆነው ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥልቀት የሌለው ነጣ ያለ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ብዙ ቆየሁ እያየሁት።

ሂሻም ቦንዳውን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። ለአንድ ነጋዴ ሰጠሁት አለ። ሲመለስ አዲስ የግድግዳ ሰዓት ይዟል።
"በስንት ልሙላው?"
"የአባባ ስንት ይላል?"
"አራት።"
"ሰባት አድርገው፣ የሳተላይቱ ይሁን።"
ሞላና በልብስ መስቀያው ምስማር ላይ ሰቀለው፣ ከአባባ ሰዓት ጎን።